ለሚዜዬ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ስትደውይ ሳላነሳ፣ መልእክትሽን አይቼ ሳልመልስ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ብትቀየሚኝም አልፈርድብሽም። አፍሬ ነው የጠፋሁት። ሚዜዬ ሆነሽ ስለ ባሌ ስትጠይቂኝ መዋሸት አቃተኝ፤ እውነቱን ማውጣትም አቃተኝ። ዛሬ ልንገርሽ።

ባይፖላር አለበት፤ ስሜትን አንዴ ወደ ከባድ ድብርት፣ አንዴ ወደ ልክ ያለፈ መነቃቃት የሚወስድ የአእምሮ ሕመም ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድብርቱ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ምግብ ሳቀርብለት «ተይው» ብቻ ነው። አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ የድብርት መድኃኒት ጽፈው ሸኙን። «ከዚህ በፊት ሳይተኛ፣ ሳይደክመው የሰነበተበት ጊዜ ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀን የለም። ነበር እኮ! ባይፖላር ላለበት ሰው የድብርት መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊወረውረው እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ተነሳ። ሳቀ፣ በላ። እልል አልኩ። ከዚያ መተኛት ተወ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስነቃ ሳሎን መብራት በርቶ፣ እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የሠርግ አዳራሽ ፕላን ይስላል። አፉ አያርፍም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆሟል። ሁለት መቶ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር። የዕቁባችን ብር፣ የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለቀ። «ምነው?» ስለው ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸብኝ። ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

እናቱ ልክፍት ነው፣ ጸበል ይሂድ አሉ። አብሬው ሄድኩ፤ አሁንም እንሄዳለን። ግን የአእምሮ ሐኪም ዘንድም ወሰድኩት። እናቱን ያሳመናቸው ሐኪሙ ነው። የቡታጅራ ሰው መሆናቸውን ሲሰማ፣ እዚያው አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ ባይፖላር ያለባቸው ከ300 በላይ ሰዎች መገኘታቸውን ነገራቸው። እማማ ዝም ብለው ቆዩና «እነዚያስ ሁሉ ማን አላቸው?» አሉ።

አሁን ሊትየም የሚባል ስሜቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ይወስዳል። ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛ ይመርዛል። ስለዚህ በየጊዜው፣ ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት ቆይቶ፣ መጠኑ እንዲለካ ለምርመራ ደም ይሰጣል። ኩላሊቱና ታይሮይዱም ይታያል። ራሱን ሲያመው እንደ ድሮው አይቡፕሮፌን አይውጥም፤ ሊትየሙን ደሙ ውስጥ ያበዛዋል። ሰውነቱ ውሃ ካጠረው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ የንስሐ አባታችን በጾም ውሃ እንዲጠጣ ፈቅደውለታል።

የከበደኝ መድኃኒቱ አይደለም፤ ጥበቃው ነው። ቶሎ ቶሎ ባወራ ቁጥር ልቤ ይመታል። ደስ ብሎት ሲዘፍን እንኳ «መጣ እንዴ?» እላለሁ። ሰው እንዴት የባሉን ደስታ ይፈራል? አንዳንድ ቀን ሚስቱ ሳልሆን ዘበኛው የሆንኩ ይመስለኛል። ይህንን ስነግረው «የተኛሁትን ሰዓት ራሴ ልጻፈው» አለኝ። ኩሽና ውስጥ ካላንደር ሰቅለናል። ጠዋት ጠዋት ቡና ሳፈላ በእርሳስ ይጽፋል፦ 7፣ 6 ተኩል፣ 7። ደህና በሆነበት ጊዜ ተቀምጠን ተስማምተናል። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከ4 በታች ከሆነ ኤቲኤም ካርዱን ለእኔ ይሰጣል፣ ሐኪሙም ጋ ይደወላል። ባለፈው ወር አንድ ቀን 3 ጻፈ። ሳልጠይቀው ካርዱን ስኳር ዕቃው አጠገብ አስቀመጠው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ወንበሮቹን ለእድራችን በግማሽ ዋጋ ሸጥናቸው። በቀደም ለቅሶ ቤት ሄደን አንዱ ላይ ተቀመጠ። ጠርዙን በእጁ ሲዳብስ አየሁት። ማታ ከተኛን በኋላ «ያኔ ልጄን በጣም አስፈራኋት አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። እጄን ይዞ ቆየ።

እሑድ ደውይልኝ። አነሳለሁ። እሱም ላናግራት ብሏል።

እህትሽ