«ጥቅምት 29 የት ገባ?» የኤክሴል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ኤክሴል የተባለውን የሠንጠረዥ ሒሳብ ፕሮግራም የምንማርበት ክበባችን ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። አምና በዚሁ መጽሔት ላይ ስለ እኛ የወጣው ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ዘንድሮ አዘጋጆቹ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሰጡን አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። «ኤክሴል በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ይማሩት የለ እንዴ፣ ክበብ ለምን አስፈለገ?» ሲባል በመምህራን ማረፊያ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በክፍለ ጊዜው የሚማሩት መደመርና አማካይ ማውጣት ነው። እኛ የአንድን ሱቅ ደብተር ይዘን ምን ተገዛ፣ ለማን ተሸጠ፣ ምን ተረፈ ለሚለው መልስ እንዲሰጥ አድርገን እናዋቅረዋለን። ይሄ በ40 ደቂቃ አያልቅም።

በመስከረም ወር 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ9፡30 እስከ 11፡00 ተገናኘን። የዶላር ምልክት ሴልን (የሠንጠረዡን አንድ ሳጥን) ፎርሙላው ሲገለበጥ እንዳይለወጥ እንዴት እንደሚያስር፣ ከዚያ ሰምኢፍ (መስፈርት የሚያሟላውን ብቻ የሚደምር)፣ ከዚያ ቪሉክአፕ (አንድን ስም ወይም ቁጥር ፈልጎ አብሮት ያለውን መረጃ የሚያመጣ)፣ ከዚያ ፒቮት ቴብል (ብዙ ረድፍ ጠቅልሎ የሚያሳይ) እያልን ሄድን። ስብሰባዎቹን አንድ በአንድ አልተርክም።

የታኅሣሥዋን ቅዳሜ ግን ሳልተርክ አላልፍም። የአንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን እናት ባልትና ቤት አላቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ በሶ ያዘጋጃሉ። 14 ሆነን ሄድን። ገና ከበሩ በርበሬው ያስነጥሳል። እሳቸው ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ ቡናው እንዳለቀ ሦስት የዱቤ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልን።

ደብተሩ ውስጥ አንዲት ደንበኛ በአንዱ ገጽ «ወ/ሮ ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ»፣ በሦስተኛው «የሳሚ እናት» ተብላለች። ለባለሱቋ አንድ ሰው ናት። ለቪሉክአፕ ግን ሦስት ሰው ነች። ፊደላችን ሀ፣ ሐ እና ኀ አለው፤ ጸ እና ፀ አለው። እኛ ስናነበው ድምፁ አንድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ፊደል ያያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር ሰጠን። ደንበኞች በአንድ ሺት (የኤክሴል ገጽ)፣ ዕቃዎች በሌላ ሺት፣ ሽያጭ ለብቻው። የሽያጩ ሺት ላይ ስም አይጻፍም፤ የደንበኛው ቁጥርና የዕቃው ቁጥር ብቻ ይገባል። ዳታ ሞዴሊንግ (መረጃን በየዓይነቱ ለያይቶ ማያያዝ) ምን እንደሆነ ለሁለት ወር ሳስረዳ ያልገባቸው ልጆች እዚያ ባልትና ቤት ውስጥ ገባቸው።

የጥቅምትን ሽያጭ አስገብተን ስንደምር ግን ከደብተሩ ጋር አልገጥም አለ። የእኛው አነሰ። ልጆቹ «የእጅ ድምር ነው የተሳሳተው» አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ልጅቷ ብቻ «ቲቸር፣ እማዬ ድምር አትሳሳትም» አለች።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሌሎቹ ወደ አዲስ ትምህርት ሲሄዱ እሷ ጥግ ይዛ ረድፍ በረድፍ ስታመሳክር ቆየች። 11፡00 ሊሆን ሲል ጠራችኝ። «ጥቅምት 29 እና 30 ወደ ግራ ተጠግተዋል። ሌሎቹ በሙሉ ወደ ቀኝ ናቸው።»

ሄጄ አየሁ። ልክ ናት። ኤክሴል ቀን መሆኑን ሲረዳ ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ጽሑፍ የመሰለውን ወደ ግራ ይተወዋል። ጥቅምትን በእኛ አቆጣጠር 2ኛ ወር፣ ዓመቱንም 2017 ብለን ነበር ያስገባነው። ለኤክሴል ግን 2ኛ ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ በፈረንጆቹ 2017 ደግሞ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው። ስለዚህ 29 እና 30ን እንደ ቀን አልቆጠራቸውም። በወር የሚደምረው ፎርሙላም ሁለቱን ቀን ዘለላቸው። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም፤ 13ኛ ወር ለእሱ የለም። ከዚያ ወዲህ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይተን ነው የምንጽፈው።

አስተካክላ ስትደምር ከእናቷ ድምር ጋር እስከ ሳንቲሙ ገጠመ። «ነግሬያችሁ ነበር» እንኳ አላለችም። ደብተሩን ዘግታ በሁለት እጇ ይዛው ተቀመጠች። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትንሽ ቆየሁ።

በኋላ የትርፉን ስሌት ሠራን። ዛላ በርበሬ ሲቀነጠስ፣ ሲደርቅና ሲፈጭ ኪሎው ይቀንሳል። እናትየው ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ ደብተሩ ላይ ግን ቦታ አልነበረውም። ልጆቹ የሚቀንሰውን በአንድ ሴል አስቀምጠው በዶላር ምልክት አሰሩት፤ የእያንዳንዱን ኪሎ ወጪ ከእሱ አወጡ። ብዙ የሚሸጠው በርበሬ ቢሆንም በኪሎ የተሻለ የሚተርፈው ሽሮው ሆኖ ተገኘ። እናትየው ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። «እስቲ ለፋሲካ እናየዋለን» አሉ። ከፋሲካ በፊት ዛላውን በራሳቸው ሚዛን መዝነው የሚቀንሰውን ሊያስተካክሉልን ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

ያልተሳካም አለ። በጥር አንድ ፍላሽ ቫይረስ ገብቶበት የሦስት ቡድን ሥራ ጠፋ። አሁን ሁሉም ሥራ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። ከ31 ተማሪ ዓመቱን የጨረሱት 17 ናቸው። አንዳንዶቹ ጌም መሥራት ይማሩ መስሏቸው ነበር የመጡት። ብዙዎቹ ግን ወንበር አጥተው ነው የቀሩት። ላብ 2 ውስጥ ካሉት 20 ኮምፒውተሮች የሚሠሩት 8 ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ ይሄዳል፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አንድም የለንም። ለስፖርት ቡድኑ አዲስ ማሊያ ሲገዛ ከልብ አጨብጭበናል። እኛ በሁለት ዓመት ከትምህርት ቤቱ ያገኘነው አንድ ማውዝ ነው።

ለሶፍትዌር ገንዘብ አንጠይቅም። ኤክሴልን የሚተካ ፕሮግራም ያለው ሊብረኦፊስ በነፃ ይገኛል፣ የተማርነውን አብዛኛውን ይሠራል። የምንፈልገው አራት ዩፒኤስና ያገለገሉም ቢሆኑ አምስት ዴስክቶፖች ነው። የትምህርት ቤቱ አስተዳደርና የወላጅ መምህራን ህብረት እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። ቢሮው ውስጥ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ያለው ወላጅም ይዞት ይምጣ፤ ካልሠራ ልጆቹ ራሳቸው ይሞክሩታል።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት ስለ ባልትና ቤቱ ሰምተው ባለፈው ሳምንት ደብተራቸውን ይዘው መጥተዋል። ሰባት ደብተር ነው። ልጅቷ አንዱን ለክረምት ወደ ቤቷ ወስዳዋለች።

ከመስከረም ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ከ9፡30 በኋላ ላብ 2 ነን።