ካሜራውም ያወራል እኮ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ስለ አማርኛ ፊልሞች የምትጽፉትን ሁሌ አነባለሁ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ታሪኩና ስለ ተዋንያኑ ነው፣ ስለ ካሜራውና ኤዲቲንጉ ትንፍሽ አትሉም፣ ለምን? እዚህ ባህር ዳር ለክሊፕም ለፊልምም የመጣ ሁሉ ድሮን ያስነሳና ጣናን ከላይ ቀርጾ ይሄዳል፣ አያምርም አልልም፣ ግን ከዛ ከፍታ ሰውየው ነጥብ ነው የሚያክለው፣ ማዘኑም መደሰቱም አይታይም። ያንኑ ሀይቅ ካሜራው ታንኳው ውስጥ ዝቅ ብሎ ቢይዘው፣ ታንኳው የተሠራበት ውሃ የጠጣው ደንገል፣ የቀዛፊው የተሰነጣጠቀ መዳፍ በክሎዛፕ፣ ማለትም በጣም ከቅርብ ቢታይ፣ ጣና ፖስትካርድ መሆኑ ቀርቶ የሰው እንጀራ ይሆናል።

ኤዲቲንግ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ራሺያዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሌሾቭ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የአንድ ተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ አንዴ ከሬሳ ሳጥን ጋር ቀጥሎ ሲያሳይ ሰዉ ራበው፣ አዘነ እያለ አደነቀ ይባላል፣ ፊቱ ግን ያው አንዱ ነበር፣ ስሜቱን ያመጣው አቀጣጠሉ ነው። የኛዎቹ ተዋናዩ እንባው ሳይወርድ ዋሽንት ይለቁብናል (ዋሽንት እወዳለሁ፣ ነገሩ ሌላ ነው)፣ ስሎሞሽን ይጨምሩበታል፣ በቃ ራሳችን እንድናዝን ፋታ የለም።

እና እባካችሁ ቀጣይ ስትጽፉ የካሜራ ባለሙያውንና የኤዲተሩንም ስም ጥቀሱ፣ ማን ምን እንደሠራ እንወቅ።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር