ለደንበኞቻችን፦ የለመዳችሁት ባሩድ ሲጠፋ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጥይት ራሳችሁ መልሳችሁ የምትሞሉ ብዙዎቻችሁ ሰሞኑን እየደወላችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «የለመድኩት ባሩድ ጠፋ፤ በእሱ ምትክ የቱን ልውሰድ? ስንት ግሬንስ (የባሩድ ክብደት መለኪያ) ልሙላ?» በመጀመሪያው ጥያቄ ልናግዛችሁ እንችላለን። ለሁለተኛው ግን የግሬንሱን ቁጥር በስልክ አንናገርም፤ ምክንያቱን ልንነግራችሁ ይገባል።

አብዛኞቻችሁ የምታመሳክሩት ባሩዶችን በሚነዱበት ፍጥነት ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው የሚደረድረውን ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ የሚናገረው ማን ማንን እንደሚቀድም እንጂ በምን ያህል እንደሚቀድም አይደለም። ሰዓት ያልተጻፈበት የሩጫ ውጤት ማለት ነው። ከዚህም በላይ ቀለሁና የአረሩ ክብደት ሲቀየር ተራው ራሱ ሊገለባበጥ ይችላል። ስለዚህ «ጎን ለጎን ናቸው» ብሎ የአንዱን ልክ፣ ማለትም የሚሞላውን መጠን፣ ለሌላው መጠቀም አደጋ አለው።

በባሩዱ ስም ላይ ያለው ቁጥርም ያሳስታል። ኤች 4831 መጀመሪያ ሆጅዶን የተባለው የአሜሪካ ባሩድ ሻጭ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈውን የ20 ሚሊ ሜትር መድፍ ባሩድ ገዝቶ ለሲቪል ተኳሾች የሸጠው ነው። አይኤምአር 4831 ደግሞ በኋላ የመጣ ሌላ ባሩድ ሲሆን ከኤች 4831 ይፈጥናል። ለዘገምተኛው የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ በፈጣኑ የሞላ ሰው ግፊቱን ከሚገባው በላይ ያደርሰዋል። 4350 የሚል ቁጥር ያላቸውም እንዲሁ ናቸው። ዕቃው ላይ ያለውን ስም ከነፊደሉ አንብቡ።

ምትክ ስትመርጡ ከባሩዱ ስም ሳይሆን ከምትሞሉት ጥይትና ከአረሩ ክብደት ተነሡ። የባሩዱ ወይም የአረሩ አምራች ያወጣውን ወቅታዊ መመሪያ ክፈቱና በዚያ ክብደት ልክ የተጻፈላቸውን ባሩዶች እዩ። እዚያ የሌለ ባሩድ፣ በሰንጠረዡ የቱንም ያህል ቢቀርብ፣ በእኛ ቤት ምትክ አይባልም።

ከተዘረዘሩት መካከል እኛ የምናደላው ቀለሁን በደንብ ወደሚሞላው ነው፤ በስህተት ሁለቴ ቢፈስ ገንፍሎ ይታያል። የቅንጣቱን ቅርፅም አስቡበት። ረጃጅም ዘንግ የሚመስለው ባሩድ በመስፈሪያው (ባሩዱን እየለካ በሚያፈሰው መሣሪያ) ውስጥ ሲያልፍ አንዳንዴ ቅንጣቱ ምላጩ ላይ ይያዛል፤ እጀታውን ስትጫኑት ቀጭ ብሎ ሲቆረጥ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል፤ ያኔ ልኩ ይዛነፋል። እንዲህ ያለውን እያንዳንዱን በሚዛን መመዘን ይሻላል። ክብ ቅንጣቱ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ግን ለማቀጣጠል ይበልጥ ያስቸግራልና መመሪያው የሚያዘውን ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ቆብ) አትቀይሩ።

ከዚያ በኋላ ከመነሻው ልክ ጀምሩ። መመሪያው ከፍተኛውን ብቻ ከጻፈ ከእሱ 10 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው። በጣም መቀነስ ግን ጥንቃቄ አይደለም፤ ዘገምተኛ ባሩድ በጥቂቱ ሲሞላ ያልታሰበ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ኤች 4895 እዚህ ላይ ለየት ይላል፤ አምራቹ እስከ ከፍተኛው ልክ 60 በመቶ ድረስ ዝቅ ብሎ መሙላትን ይፈቅዳል። ይህን ፈቃድ ወደ ሌላ ባሩድ አታዛውሩት።

«ግፊቱ መብዛቱን የሚያሳየውን ምልክት አይቼ አቆማለሁ» የምትሉ አላችሁ። የ.308 ዊንቸስተር ጥይት የግፊት ጣሪያ በሳሚ (የአሜሪካ የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ማኅበር) መስፈርት 62,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። የፕራይመር መጠፍጠፍ ወይም የመቀባበያው መክበድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከጣሪያው ካለፋችሁ በኋላ ነው። ምልክት ስታዩ አቁሙ፤ አለመታየቱን ግን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት።

በጠረጴዛችሁ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ባሩድ ብቻ ይኑር። ሥራ ስትጨርሱ መስፈሪያውን አራግፉ፤ የተረፈው ወደ ራሱ ዕቃ ይመለስ እንጂ ሌላ ውስጥ አይግባ። ዕቃውን ስትከፍቱ የአሲድ ሽታ ከመጣ ወይም ቡናማ ቀይ ጭስ ካያችሁ ባሩዱ ተበላሽቷልና አትጠቀሙበት።

ለአዲስ ባሩድ መጀመሪያ ትንሹን ዕቃ እንድትገዙ እንመክራለን። ባሩዱ ከተስማማችሁ በኋላ የምርት ቁጥሩ (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው ቁጥር) አንድ የሆነውን በርከት አድርጋችሁ ውሰዱ፤ የምርት ቁጥር ሲቀየር ልኩን እንደገና ከታች መጀመር አለባችሁ። የተከፈተ ዕቃ መልሰን አንቀበልም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ለሚቀጥለው ገዢ ማረጋገጥ አንችልምና።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽያጭ ክፍል