ለቅዳሜው የማረሚያ ቤት የልብና የደም ግፊት ትምህርት
ውድ አባላት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንገናኝ። መታወቂያ እንዳትረሱ።

ባለፈው ስለ አመጋገብ ብዙ ለፈለፍን። ታራሚው ግን ምግቡን መርጦ አይበላም፤ «አትክልት አብዙ» ማለት ቀልድ ነው የሚሆነው። አሁን በእጁ ስላለው እናውራ። ስንቅ የሚያመጣለትን ቤተሰብ ጨው ቀንሱልኝ ማለት ይችላል። የቀን ልኩ ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ማንኪያውን ይዤ እመጣለሁ፣ ሲያዩት ይደነግጣሉ።

ግፊት 140/90 አልፎም ምንም ላያሳምም ይችላል። ኪኒን የጀመረ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ እንዳያቋርጥ አደራ በሉት።

የጉሮሮ ሕመምንም አትዝለሉ። ተጨናንቀው በሚያድሩበት ክፍል ቶሎ ይተላለፋል፤ በባክቴሪያ የመጣው ካልታከመ ደግሞ የልብ ቫልቭ እስከ ማበላሸት ሊደርስ ይችላል።

የግፊት መለኪያው ባትሪ አልቋል። ማን ይገዛል?