ይድረስ ለእናቴ፣ ሞጣ

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ቁስሉስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ካንቺ ሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የባሕር ዳር ሙቀት ግን ብሶበታል።

ትልቋ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ለአያቴ ጻፊላት ብላ ነዝንዛኛለች። ትንሹ የላይኛው የፊት ጥርሱ ወልቆ አዲሱ ብቅ ብሏል። በቀደም ደግሞ ከብስክሌት ወድቆ ጉልበቱ ተላጠና ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው። ዛሬ ብታዪው ቅርፊቱ ተነሥቷል፤ ከሥሩ ለጋ ቆዳ ወጥቷል። "ይሄ ከየት መጣ?" አለኝ። ገላችን ሴል ከሚባሉ በዐይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያው ነገሮች የተሠራ ነው፤ በቁስሉ ዳር ያሉት ሴሎች እየተከፈሉ መጥተው ሸፈኑት አልኩት። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ዋናው ነገር ከብዶኝ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ አጠገብሽ ሰው ስለማይጠፋ ነው። አንቺ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥረሻል፤ አንባቢ አያሻሽም። በሩን ዘግተሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ከጡትሽ የወጣው እባጭ ካንሰር ነው።

ወንድሞቼ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች ብለውኛል። እጢ ነበር፣ ወጣ፣ አለቀ እንድልሽ ነው የፈለጉት። እኔ ግን አልችልም። ለምን እንደማልችል ታውቂያለሽ።

አባዬ ሲታመም ጨጓራ ነው አላችሁኝ። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። ስደውል አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ገበያ ወጥቷል ትሉኛላችሁ። ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ አርባው ወጥቷል። ጋቢው ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ለኔው ብላችሁ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን እናቴ፣ አባቴን አላስታመምኩትም፤ አልቀበርኩትም። ሰዉ አልቅሶ ከወጣለት በኋላ እኔ ለብቻዬ ጀመርኩ። ይህን እስከ ዛሬ አፍ አውጥቼ አልነገርኩሽም። ተቀይሜሻለሁ። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። የገዛ ገላሽን ነገር እኔ ደግሞ ካንቺ ልደብቅ? አላደርገውም።

ስለዚህ ምን እንደሆነ እንደማስተምረው አድርጌ ልንገርሽ።

ትምህርት ቤት ሽንኩርት ብርጭቆ አፍ ላይ እናስቀምጣለን፤ ውሃው ቂጡን ብቻ ይነካዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጫጭ ሥር ያወጣል። የሥሩን ጫፍ በምላጭ ቆርጠን አሲድ ውስጥ እናለሰልሰዋለን። ቀይ ቀለም ነክረን በሁለት መስታወት መሃል በአውራ ጣት እንጨፈልቀዋለን። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አብዛኞቹ ሴሎች ጸጥ ብለዋል። አንዱ ጋ ግን ቀያይ ክሮች መሃል ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። ሌላው ጋ ክሮቹ ተለያይተው ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ እየተሳበ ነው። ሌላው ጋ መሃሉ ላይ ግድግዳ ቆሞ አንዱ ሁለት ሆኗል። እነዚያ ክሮች ክሮሞዞም ይባላሉ፤ ሴሉ የሚመራበት ትእዛዝ የተጻፈው እነሱ ላይ ነው። ሽንኩርት 16 አለው፤ እኔና አንቺ 46። ሴል ከመከፈሉ በፊት ሁሉንም ይገለብጣል፤ ከእሱ ለሚወጡት ለሁለቱም ሴሎች እኩል እንዲደርስ። የሚንጫጫው ክፍል እዚህ ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል። እኔም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይደንቀኛል።

ታዲያ ሴል ዝም ብሎ አይከፈልም። ሲበቃ በቃ የሚለው አለው። የትንሹ ጉልበት ቆዳው ሲሞላ ቆመ አይደል? ሲገለበጥም ስሕተት ይገባል። አብዛኛው እዚያው ይታረማል፤ ካልታረመም ሴሉ ብዙ ጊዜ ራሱን ያጠፋል። አንዳንዴ ግን ስሕተቱ ያመልጣል። በዓመታት ውስጥ ሌላ ስሕተት ይደረብበታል። በመጨረሻ ያ ሴል በቃ ቢሉትም አይሰማም፤ እረኛ እንዳጣ ከብት አጥር ጥሶ የሰው ማሳ ይገባል። ካንሰር ማለት ይኸው ነው። ዕድሜ ሲገፋ የሚበዛውም ስሕተቱ ስለሚጠራቀም ነው።

ሰው ዐይን አልጣለብሽም። ሩዶልፍ ፊርኾ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጆች 1855 ሴል ሁሉ ከሴል እንደሚወለድ ጽፏል። ያንቺም እባጭ ከራስሽ ከአንዲት ሴል የተነሣ ነው እንጂ ማንም የላከብሽ አይደለም። ከአጥር ማዶ ካለችው ጎረቤትሽ ጋር ቡና መጠጣት እንደተውሽ ሰምቻለሁ። ላሟ በወለደች ቁጥር እንገር ሳትልክልሽ የማትቀር ሴት! በጣም ነው የከፋኝ። ቡናውን አፍዪና ጥሪያት።

ደግሞም ከሰው ሰው አይተላለፍም። ባለፈው ስትመጪ ሰሃንሽን ለየሽ። ትንሹን ማጉረስም ተውሽ። አያቴ ተቆጥታኝ ነው? ብሎ ጠይቆኛል። አጉርሺው እባክሽ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እባጩ ወጥቷል። ነገር ግን ቀድሞ አምልጦ በደም የሄደ ሴል ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ኬሞ ያዘዘው ለዚያ ነው። በደም ሥር ይሰጣል፤ በመከፈል ላይ ያለውን ሴል ይመታል። ግን የካንሰሩን ብቻ ነጥሎ አያውቅም። ፀጉር የሚያበቅሉት ሴሎች ቶሎ ቶሎ ይከፈላሉ። የአንጀት ሽፋን በጥቂት ቀን ይታደሳል። የአጥንት መቅኔም በየሴኮንዱ 2 ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ሴል ይሠራል። እነዚህም አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ ፀጉርሽ ይረግፋል። ያቅለሸልሽሻል፣ አፍሽ ሊቆስል ይችላል፣ ድካም ይጥልሻል። ያኔ መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው ብለሽ እንዳታቋርጪ። ብዙ ጊዜ ከዙር ዙር 3 ሳምንት የሚጠበቀው መቅኔው እንዲያገግም ነው። ፀጉርሽም ሲያልቅ ይመለሳል። እስከዚያው ሻሽሽ አለ።

አንድ ነገር አደራ። ነጭ የደም ሴሎችሽ ሲያንሱ ትኩሳት ቀላል ነገር አይደለም። ትንሽ ከተሰማሽ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺኝ። ምች ነው፣ ዳማከሴ ልጠጣበት እንዳትዪ።

ጠበሉን አልከለክልሽም። ቁስሉ ይድረቅና ተጠመቂ፣ ጸልዪ፤ እኔም እየጸለይኩ ነው። ግን መድኃኒቱን በጠበል ምክንያት አታስቀሪ። ስለ ጾሙም የንስሐ አባትሽን አነጋግሪያቸው። ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። እንቁላልና ወተት ያስፈልግሻል።

ትድኛለሽ ብዬ አልምልልሽም። ሐኪሙ ሌላ ቦታ የሄደ አልታየም፣ በጊዜ መጥታለች ብሏል። እኔ የማውቀው ይህንን ነው፤ ያወቅሁትን ታውቂያለሽ። እምቢ ካልሽ ገላው ያንቺ ነው፤ ጎትቼ አላመጣሽም። ግን ነይልኝ። አንቺን ማጣት ፈርቻለሁ።

ሌላም ልነግርሽ የምፈልገው አለ፤ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁሌ አንቺ ትዝ ትዪኛለሽ። እንቁላልና የወንድ ዘር ሲሠሩ አከፋፈሉ ሌላ ነው። 46ቱ ተገምሶ 23 ይሆናል። ሴት ልጅ ደግሞ እንቁላሎቿ የሚሠሩት ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው። እኔ የተገኘሁባት እንቁላል አንቺ በአያቴ ሆድ ሳለሽ ተሠርታ፣ መከፈል ጀምራ፣ እንደጀመረች ቆመች። አንቺ እረኛ ሆነሽ ከብት ስትነጂ አብራሽ ነበረች። ስትዳሪም አብራሽ ነበረች። ክፍፍሏን የጨረሰችው የአባዬ 23 ሲደርስላት ነው። ዘጠኝ ወር ተሸከምኩሽ ትዪኛለሽ፤ ከተወለድሽ ጀምሮ ነው የተሸከምሽኝ። በሶና ቆሎ እያሰነቅሽ ያስተማርሽኝ ደግሞ በዚያ ላይ ነው። እናቴ፣ ጥቂት ወር እኔ ቤት ተቀመጪ፤ እኔም ላስታምም።

ሰኞ ታላቅ ወንድሜ ይዞሽ ይመጣል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመናኸሪያ ጠይቁ፤ በጠዋቱ መኪና ውጡ። የጤና መድን ደብተርሽ ጊዜው አልፎ ከሆነ ከመምጣትሽ በፊት አሳድሺው። ሪፈር ወረቀቱንና የናሙናውን ውጤት በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢ። ወይፈኑን ለሕክምና ብለሽ እንዳትሸጪ፤ ወጪውን እኔና ወንድሞቼ ተነጋግረናል። ላሟን ለጎረቤትሽ አደራ ስጫት። ከእሷ የተሻለ የሚያልባት የለም፤ ጥጃዋንም ታውቃታለች።

ልጅሽ፣
ከባሕር ዳር