የልጆቻችን ምረቃ ቦታ ሲመረጥ የትምህርት ቤቱ ግቢ ለምን ይዘለላል?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በሜክሲኮ ዙሪያ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የምረቃ ኮሚቴዎች ተቋቁመው ሥራ ጀምረዋል። እኔም በአንዱ ትምህርት ቤት የወላጆች ተወካይ ሆኜ በኮሚቴው ውስጥ እገኛለሁ። እስካሁን ካደረግናቸው ስብሰባዎች የአብዛኞቹን ጊዜ የወሰደው፣ በሰኔ የሚደረገው በዓል የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ነው። በአማራጭነት የቀረበው ዝርዝር የሆቴል አዳራሾችን በኮከባቸው ቅደም ተከተል ያሰፈረ ሲሆን፣ ልጆቹ የተማሩበት የራሱ የትምህርት ቤቱ ግቢ ግን በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ እንኳ አልተጠቀሰም። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ወላጆች ጋር ስነጋገር ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ስለተረዳሁ ሐሳቤን ለአንባቢያን ለማካፈል ወደድሁ።

ቦታ ከመመረጡ በፊት የሚከበረው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአመዛኙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተገኝተው የሚወስዱት ሆኗል። የምረቃው በዓል በአመዛኙ ከፈተናው በፊት ይደረጋል፤ ውጤቱ የሚሰማው ደግሞ ከበዓሉ ብዙ ቆይቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። እንግዲህ በሰኔ ጋዋን ለብሶ ስሙ የሚጠራው ልጅ ገና ያልገባበትን ዩኒቨርሲቲ ሊያከብር አይችልም፤ በዓሉ ለአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ፍጻሜ ነው። የዚህ ፍጻሜ ምስክሮች ደግሞ መምህራኑ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ሲያረፍድ በር የከፈቱለት የጥበቃ ሠራተኛና በየክፍሉ የቀሩት ታናናሾቹ ናቸው። ከእነዚህ ምስክሮች መካከል በሆቴሉ አዳራሽ የሚገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የሆቴል አዳራሽ ሒሳብ በሰው ራስ የሚቆጠር ነው። ኪራዩ ከምሳ ወይም ከሻይና ከኬክ ግብዣ ጋር ተያይዞ ስለሚቀርብ እያንዳንዱ ተጨማሪ እንግዳ ተጨማሪ ወጪ ይሆናል፤ ኮሚቴውም ወጪውን ለመገደብ ሲል እንግዳውን ይገድባል። ለአንድ ተማሪ ሁለት የጥሪ ካርድ የሚለው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። ባለፈው ዓመት ታላቁ ልጄ በአንድ ሆቴል ሲመረቅ የደረሰን ሁለት ካርድ ብቻ ስለነበረ፣ አዝለው ያሳደጉት አያቱና የክርስትና እናቱ አበባቸውን እንደያዙ በረንዳ ላይ ከዝናቡ ተጠልለው ውለዋል። በእኛ አገር ልጅ የሚያድገው በአባትና በእናት ብቻ አለመሆኑን ሁላችንም እያወቅን፣ በዓሉን ሁለት ወንበር ብቻ በሚፈቅድ ቦታ ማድረጋችን ሊያሳስበን ይገባል። ከዚህም የከፋው መዋጮውን መክፈል ያልቻሉ ቤተሰቦች ልጆች ጉዳይ ነው። እነዚህ ልጆች በበዓሉ ዕለት አመመኝ ወይም ዘመድ ሞተብን ብለው ይቀራሉ፤ የክፍል ኃላፊ መምህራን እውነተኛውን ምክንያት ያውቁታል፣ ነገር ግን ለማንም አይናገሩም።

ስለ ምግቡም አንድ ነገር ልጨምር። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ስለሚዘልቅ የሰኔ ምረቃዎች በአብዛኛው በጾም ውስጥ ይውላሉ፤ ለኮሚቴያችን የቀረቡት የዋጋ ዝርዝሮች ግን የተሰሉት በፍስክ ምግብ ነው። የሰኔን ጾም የሚጾመው ጥቂት ሰው ነው የሚሉ አሉ፤ አያቶች የተቀመጡበትን ጠረጴዛ አይተው ቢፈርዱ መልካም ነው። በዚያ ላይ የሥጋው ምግብ ለክርስቲያንና ለሙስሊም እንግዶች ተለይቶ መዘጋጀት ስላለበት ወጪው በዚያው ልክ ይጨምራል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ብቻ ቢቀርብ ሁሉም በአንድነት ሊቋደስ ይችላል፤ የእውነተኛው ድግስ ቦታ እንደሆነ የየሰዉ ቤት ነው።

የወንበሩን ነገር በቁጥር እንየው። ሁለት መቶ ተመራቂዎች ያሉት ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ አራት እንግዳ ቢፈቅድ፣ ተመራቂዎቹን ጨምሮ 1,000 ሰው መቀመጥ ይኖርበታል፤ መምህራንና የክብር እንግዶች ከዚህ ውጭ ናቸው። አንድ ሺህ ሰው በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ የሆቴል አዳራሽ በመሀል ከተማ እንደልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጆች የሚደፍሩት አይደለም። ክብ ጠረጴዛ፣ ወንበር በመደዳ ከሚደረደርበት አቀማመጥ በእጅጉ የሚበልጥ ወለል ይይዛል፤ ከተቀመጠው ሰው ግማሹም ጀርባውን ለመድረኩ ይሰጣል። ለሠርግ የተመቸ አደራደር ስም እየተጠራ ልጆች ወደ መድረክ ለሚወጡበት ሥርዓት ሁልጊዜ አይመችም።

አሁን ወደ ግቢው ልመለስ። በ1900 ዓ.ም. እንደተከፈተው እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ያሉ ነባር ትምህርት ቤቶች የተመሠረቱት ከተማዋ እንደዛሬው ሳትጨናነቅ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ሰፊ ሜዳና የስፖርት መጫወቻ አላቸው። ኮሚቴዎች ይህን እያወቁ የሚሸሹት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ዝናቡ ሲሆን ሁለተኛው ክብሩ ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ አለው። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚዘንብ ቢሆንም፣ የሰኔ ዝናብ በአመዛኙ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ሆኖ ይቆያል። ችግሩ በዓሉን ከሰዓት በኋላ የማድረግ ልማዳችን ነው። ከጠዋቱ 2፡30 ተጀምሮ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ቢጠናቀቅ የሚፈለገው ሁሉ ይደረሳል። ለአንድ ተማሪ ስሙ ተጠርቶ፣ ወጥቶ፣ ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎና ፎቶ ተነሥቶ እስኪወርድ ሃያ ሰከንድ ቢሰጠው፣ ሦስት መቶ ተማሪዎች በ100 ደቂቃ ያልቃሉ። የተረፈው ጊዜ ለንግግርና ለመዝሙር ከበቂ በላይ ነው፤ ጊዜ የሚያጥረው የክብር እንግዶቻችን ንግግር መጨረሻ ሲያጣ ብቻ ነው።

ጠዋትም ቢሆን ሊዘንብ ስለሚችል ድንኳን የግድ ያስፈልጋል። ድንኳኑ አናቱ ከፍ ብሎ ጎኑ የተዳፋ መሆን አለበት፤ አናቱ ዝርግ የሆነ ሸራ ውሃ ያቁርና ከእንግዳው ራስ ላይ ያፈስሳል። ወንበሮቹም ከሣሩ ሜዳ ይልቅ ሲሚንቶ በፈሰሰበት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ቢደረደሩ የእናቶች ጫማ ጭቃ ውስጥ አይገባም፤ ተሽከርካሪ ወንበርና ምርኩዝ የሚጠቀሙ እንግዶችም ያለ ሰው ድጋፍ ይደርሳሉ። የመብራት መቋረጥን በተመለከተ ለድምፅ ማጉያው ብቻ የሚበቃ ትንሽ ጄኔሬተር በቂ ነው፤ በቀን ብርሃን የሚደረግ በዓል አምፖል አይጠይቅም።

ድንኳንና ወንበሩን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየሰፈራችን ያሉ እድሮች ድንኳን፣ ወንበርና ብርጭቆ አላቸው፤ ብዙዎቹም አባል ላልሆነ ሰው በመጠነኛ ክፍያ ያከራያሉ። ይህን ሐሳብ ሳቀርብ አንዲት እናት የለቅሶ ድንኳን ለልጆቻችን ደስታ አይሆንም ብለው ተቃወሙኝ። ስሜታቸውን አልንቅም፤ ሆኖም ያው ድንኳን በጥር የሠርግ ዳስ፣ በሌላ ጊዜ የክርስትና መስተንግዶ እየሆነ ሲያገለግል እንደሚኖር እርሳቸውም ያውቃሉ። ሸራው አርጅቶ ከሆነ አዲስ ድንኳን መከራየት ይቻላል፤ የኪራዩ ትልቁ ክፍል ማጓጓዣውና መትከያው ስለሆነም፣ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ተነጋግረው በተከታታይ ቀናት ቢጠቀሙበት ወጪውን ይካፈሉታል። በእኔ ግምት ለግቢ ምረቃ ከዝናቡ የሚከብደው እንቅፋት መጸዳጃ ቤት ነው። የብዙ ትምህርት ቤቶቻችን መጸዳጃ ቤት ለእንግዳ የሚያሳፍር እንደሆነ መሸሸግ አያስፈልግም። ነገር ግን ለሆቴል ከሚወጣው ገንዘብ በጥቂቱ ቧንቧውና በሩ ቢጠገን፣ ጥገናው ከበዓሉ በኋላም ለቀሩት ተማሪዎች ይተርፋል፤ ለእንግዳ የሚያሳፍረን ነገር ልጆቻችን በየቀኑ የሚጠቀሙበት መሆኑንም ልብ ይሏል።

ሁሉም ትምህርት ቤት ሜዳ አለው ማለቴ አይደለም። በመሀል ከተማ ያሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ በተሠራ ቪላ ውስጥ የሚያስተምሩ በመሆናቸው ሰልፍ የሚያሰልፉበት ቦታ እንኳ ይቸግራቸዋል። ለእነዚህ የምመክረው ከሆቴሉ በፊት የሕዝብ አዳራሾችን በር እንዲያንኳኩ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ከአንድ ሺህ በላይ ሰው የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ በታነጸው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ያለው የቴአትርና የባህል አዳራሽም ለፒያሳና ለአራት ኪሎ ትምህርት ቤቶች ቅርብ ነው። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ራስ መኮንን አዳራሽም አለ። የቴአትር ቤቶች የመድረክ ሥራ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ስለሚሆን፣ እድሳትና ሌላ መርሐ ግብር በማይከለክልበት ጊዜ ጠዋታቸው ሊገኝ ይችላል። በእነዚህ አዳራሾች ወንበሩ ወደ መድረኩ የዞረ፣ ድምፁ ለንግግር የተስተካከለ በመሆኑ ኮሚቴው ለማስዋቢያ ብዙ አይደክምም። ከመወሰኑ በፊት ግን አንድ ሰው በአካል ሄዶ ደረጃውን፣ የመውጫ በሮቹንና መጸዳጃ ቤቱን ማየት አለበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ ከአዋጁ በፊት የተሠሩት ግን ደረጃቸው የሚያስቸግር ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ተማሪዎች መስቀል አደባባይን ወይም ሚሊኒየም አዳራሽን ያነሣሉ። አደባባዩ ጣሪያ የለውም፤ አዳራሹ ደግሞ ለአንድ ትምህርት ቤት እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ሁለት መቶ ልጆች ቢገቡበት በርበሬ ጎተራ ውስጥ እንደወደቀች አንዲት ፍሬ ይሆናሉ። የትራንስፖርቱንም ነገር ማሰብ ይገባል። እንግዳው የሚመጣው ከኮልፌ፣ ከኮተቤና ከቃሊቲ ነው፤ የእንግዳ መሪ በከተማው ካለ ደግሞ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ቀላል ባቡር በቅርቡ የሚቆምበት ወይም ከታክሲ ተወርዶ በእግር የሚደረስበት ቦታ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ካለው ቦታ ይበልጣል፤ የአብዛኛው ወላጅ መኪና የለውምና።

የተማሪዎቹን ፍላጎት አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ልጆቹ ሆቴል የሚሉት የሌላ ትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው በቲክቶክ ያሳዩአቸውን ስላዩ ብቻ ነው ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚፈልጉት መከበርን ነው፣ ይህም ተገቢ ፍላጎት ነው። ቀለም እየተቀባቡ በሚጫወቱበት በከለር ዴይ እንደ ልባቸው የሚሆኑበት ግቢ ለምረቃቸው ያነሰባቸው፣ ስላልተጸዳ፣ መድረክ ስላልተሠራለትና እንደ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ የሚታይ ስለመሰላቸው ይመስለኛል። ከፍ ያለ መድረክ፣ ምንጣፍ፣ አበባ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያና ስማቸውን ከነአባታቸው ሳይሳሳት የሚጠራ አስተናጋጅ ቢሟላላቸው አብዛኞቹ ይቀበሉታል፤ በኮሚቴያችን ያሉት ሁለቱ የተማሪ ተወካዮች የግቢውን ሐሳብ ስናብራራላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው መምህሮቻችን ሁሉ ይገኙልናል ወይ የሚል ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የከተማው የባህልና የትምህርት ቢሮዎች በሰኔ ወር ጠዋት ክፍት የሆኑ የሕዝብ አዳራሾችን ከነኪራያቸው እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ለትምህርት ቤቶች ቢያሳውቁ፣ ኮሚቴዎች በግንቦት ተጣድፈው ቀብድ ከመክፈል ይድናሉ። የምረቃ ኮሚቴዎችም የቦታውን ውሳኔ በራሳቸው ከመቋጨት ይልቅ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ የእያንዳንዱን አማራጭ ጠቅላላ ወጪና ለአንድ ተማሪ የሚደርሰውን የእንግዳ ብዛት ጎን ለጎን ጽፈው ቢያቀርቡ፣ ወላጆች አይተው ይመርጣሉ። የእኛ ኮሚቴ በመጋቢት ወር አጋማሽ ይወስናል፤ ግቢው ከተመረጠ ድንኳኑን ከእኛ ጋር በተከታታይ ቀናት ለመከራየት የሚፈልጉ የአራት ኪሎና የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ካሉ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል መልእክት ቢያደርሱን አብረን ለመነጋገር ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተማሪ ወላጅ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ