ስለሚመጣው እንግዳሽ ሆድ

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በምክር ብመጣብሽ ይቅር በይኝ፤ መውለጃሽ መቃረቡን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሰላም ያገላግልሽ።

በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ያዥው። እንገሩን ቢጫ ነው፣ «አልበሽ ድፊው» የሚሉሽ አይጠፉም፤ ጠብታ እንዳይባክን። የእናት ወተት ውስጥ ልጁ ራሱ የማይፈጨው የስኳር ዓይነት አለ፤ መጠኑ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። ቀለብነቱ አንጀቱ ውስጥ ለሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ነው። በተለይ ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስ የሚባለው እሱን በልቶ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱም ተቅማጥ አምጪዎቹን መፈናፈኛ ያሳጣቸዋል። ስለዚህ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ቅቤ ማቅመሱም፣ የአብሽ ውሃውም፣ ንጹሕ ውሃ እንኳ ይቅር። አማትሽን አታስቀይሚ፤ ቅቤው ለአንቺ ገንፎ ይሁን።

ማር ከሁሉም ይብሳል። የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት በሌሎች ባክቴሪያዎች ስለተያዘ ዘሩ ቦታ አያገኝም፤ የሕፃን ግን ነዋሪው ገና ስላልሞላ እዚያው ይበቅልና ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። ዓመት ሳይሞላው አታቅምሺው።

በ6 ወሩ ከማህፀን ይዞት የመጣው ብረት እያለቀ ነው፤ ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ጀምሪለት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቀጭን አጥሚት በጡጦ ይሰጣሉ። የ8 ኪሎ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ቢይዝ ነው፤ ውሃ ከሞላሽበት ጠግቦ ይከሳል። ገንፎው ከማንኪያ ቶሎ የማይንጠባጠብ ይሁን። ዱቄቱን ከ3 እጅ እህልና ከ1 እጅ ሽምብራ አዘጋጂ። ሽምብራውን አሳድረሽ ዘፍዝፊ፣ ውሃውን ድፊ፣ አድርቀሽ ቆልተሽ አስፈጪው፤ መዘፍዘፉ ብረትና ዚንክ አንቆ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። እንቁላልና ጎመን አትርሺ። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ወዲህ እስከ 4 ጊዜ።

ሽምብራ ማለቴ በከንቱ አይደለም። ዳካ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች የአንጀት ባክቴሪያቸው ከዕድሜያቸው ወደኋላ ቀርቶ ተገኝቷል። ይህን ለማስተካከል ተመራማሪዎቹ ጄፍሪ ጎርደንና ታህሚድ አህመድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከኦቾሎኒና ካልበሰለ ሙዝ ምግብ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከተለመደው አልሚ ምግብ ያነሰ ካሎሪ ይዞ የልጆቹን ክብደት በተሻለ ፍጥነት አሻሻለ።

ተቅማጥ ከያዘው ጡቱን ቀጥይ፤ ኦ.አር.ኤስ (በንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ስጪው። አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራስሽ አትግዢ፤ አብዛኛውን ተቅማጥ አያድንም፣ በጡትሽ ያሰፈርሻቸውን ባክቴሪያዎች ግን ይጠርጋል። ሰገራው ደም ካለው ዕለቱን ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጡት አያያዙ ካስቸገረሽ በሌሊትም ቢሆን ደውዪ። ስልኬ አልተቀየረም።